ቮልቴጅ ሲቀንስ ምጣድ ብዙ አምፔር ይስባል? ከአዘዞ የተነሳ ጥያቄና የተከተሉት 23 መልሶች

መነሻው ጥያቄ

ጠያቂዋ በአንድ የውይይት መድረክ ላይ የጻፈችው ከጎንደር፣ ከአዘዞ ነው። የእንጀራ ምጣዱ ጎን ላይ 220 ቮልት፣ 3,500 ዋት የሚል ተለጥፏል። ምጣዱ የሚሠራበት ብሬከር 16 አምፔር ሲሆን ጋገራው መሀል ላይ ሲደርስ ይወርዳል። የስፒናው አንድ እግር ጠቁሯል፣ የሶኬቱም ፕላስቲክ ቀልጦ ተጣሟል። ሰፈሩ ውስጥ ማታ ማታ ቮልቴጁ እስከ 180 ይወርዳል። ስሌቷንም አስቀምጣለች፦ ዋት የቮልትና የአምፔር ብዜት ስለሆነ 3,500 ለ180 ሲካፈል 19.4 አምፔር ይመጣል። ስለዚህ ጥፋቱ የቮልቴጁ ማነስ ነው፣ መፍትሔውም 16ቱን ብሬከር በ32 መቀየር ነው የሚል ሐሳብ አቅርባ አስተያየት ጠየቀች።

ማካፈሉ ልክ ነው። መነሻው ግን ስህተት ነው፤ ይኸው ስህተት በየሰፈሩ ሶኬት ሲያቀልጥ ይኖራል። መልሶቹን በቁጥራቸው ቅደም ተከተል አቀርባለሁ። በእንዲህ ያለ ነገር ቁጥር የሌለው ምክር አደጋ ስለሆነ የተጠቀሱትን ልኬቶችና ስሌቶች ሁሉ ይዤያለሁ።

መልስ 1፦ ከማራኪ የጻፈው ሰው በጣም በጨዋነት ጀመረ። እህቴ ብሎ ሰላምታ ካቀረበ በኋላ፣ ምጣዱ ላይ የተጻፈው 3,500 ዋት የማይለወጥ ቁጥር እንዳልሆነ አስረዳ። ያ ቁጥር የሚሠራው 220 ቮልት ሲያገኝ ብቻ ነው። የማይለወጠው የሽቦው ረዚስታንስ፣ ማለትም በኦም የሚለካው ኤሌክትሪክን የመቋቋም መጠኑ ነው። እሱን ለማግኘት ቮልቱን በራሱ አባዝቶ ለዋቱ ማካፈል ይበቃል፦ 220 በ220 ሲባዛ 48,400፣ ለ3,500 ሲካፈል 13.83 ኦም። አሁን ቮልቴጁ 180 ሲሆን 180 ለ13.83 ሲካፈል 13 አምፔር ይሆናል። ኃይሉም 180 በ13 ሲባዛ 2,340 ዋት ገደማ ነው። ቮልቴጅ ሲወርድ ምጣዱ የሚስበው አምፔር ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ስለዚህ ብሬከሩ የሚወርድበት ምክንያት ሌላ ቦታ ይፈለግ አለ።

መልስ 2፦ ይኸኛው ቁጣ አለበት። ከመልስ 1 ጋር ተስማምቶ ወደ 32 አምፔሩ ብሬከር ዞረ። ብሬከር የሚጠብቀው ምጣዱን ሳይሆን ግድግዳ ውስጥ ያለውን ሽቦ ነው። በቤቱ የተዘረጋው እንደ አብዛኛው ሶኬት 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር መዳብ ከሆነ ለ16፣ ቢበዛ ለ20 አምፔር ብሬከር ነው። 32 አምፔር የሚገባው 6 ካሬ ሽቦ ላይ ነው። በ2.5 ሽቦ ላይ 32 የሚገጥም ሰው ሽቦው ግድግዳ ውስጥ እየጋለ ማንም የማያቋርጠው አድርጎ ነው የሚሄደው፤ እንዲህ ያለውን ሰው ቤታችሁ አታስገቡ ብሎ ጨረሰ። ቃሉ ከረር ቢልም በፍሬ ነገሩ ያልተስማማ አልነበረም፣ እኔም ከልቤ እስማማለሁ።

መልስ 3፦ ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ዕቃ የሚጠግን ሰው ጠያቂዋን ደግፎ ተከራከረ። ቮልቴጅ ሲያንስ የፍሪጅ ኮምፕረሰርና የውሃ ፓምፕ ሞተር እንደሚቃጠል ማንም ጠጋኝ ያውቃል። ታዲያ አምፔር ካልጨመረ ምን አቃጠላቸው? ወረቀት ላይ የሚሠራ ቀመርና የሚሠራ ዕቃ አንድ አይደሉም አለ።

መልስ 4፦ ክርክሩን ያበረደችው ይህች መላሽ ናት። መልስ 1ም መልስ 3ም ስለ ሁለት የተለያዩ ነገሮች እየተናገሩ መሆኑን አሳየች። ምጣድ፣ ስቶቭ፣ ካውያ ሽቦ ብቻ ናቸው፤ ቮልቴጅ በወረደ መጠን አምፔራቸውም ይወርዳል። ሞተር ግን የሚሸከመው ሥራ አለው። ፓምፑ ውሃውን ወደ ላይኛው ሮቶ መግፋት ስላለበት ቮልቴጁ ሲወርድ ሞተሩ ፍጥነቱ ይቀንስና ያንኑ ሥራ ለመሥራት ተጨማሪ አምፔር ይስባል። ጨርሶ መነሳት ካቃተው ደግሞ የመነሻውን ከፍተኛ ከረንት (በአምፔር የሚለካውን ፍሰት) እንደያዘ ቆሞ ይጋላል። ጥቅል ሽቦው የሚቃጠለው ለዚህ ነው።

ሌላም ጨመረች። ምጣድ ላይ ቮልት በአምፔር ሲባዛ ዋቱ በቀጥታ ይገኛል። ሞተር ላይ ግን የሚገኘው ቮልት አምፔር ነው። ለምሳሌ በ220 ቮልት 5.5 አምፔር የሚስብ ፓምፕ 1,210 ቮልት አምፔር ይወስዳል፤ ፓወር ፋክተሩ (ከቮልት አምፔሩ ውስጥ ዋት የሚሆነው ድርሻ) 0.85 ከሆነ ዋቱ 1,028 ነው። ፓምፑ ላይ የተለጠፈው 0.75 ኪሎ ዋት ደግሞ ሞተሩ በዘንጉ ለፓምፑ የሚሰጠው ኃይል እንጂ ከመስመር የሚወስደው አይደለም። መልስ 3ን የጻፈው ሰው አመስግኖ ሐሳቡን ስለ ሞተር ብቻ እንደሆነ አስተካከለ።

መልስ 5 እና 6፦ አጭር ናቸው። አምስተኛው 220 ወደ 180 ሲወርድ 18 በመቶ ስለቀነሰ ኃይሉም 18 በመቶ ይቀንሳል አለ። ስድስተኛው አረመው፦ ቮልቱም አምፔሩም አብረው ስለሚወርዱ ኃይሉ የሚወርደው በካሬው ነው (0.82 በራሱ ሲባዛ)፤ የቀረው 67 በመቶ ገደማ ነው። ማታ ሲጋገር ምጣዱ ሳይግል ሊጡ የሚፈሰው፣ እንጀራውም ዓይን የማያወጣው ለዚህ ነው። ያንሰኛል ብሎ ቆጣሪ የሚቆጥብ ካለ ደግሞ ተሳስቷል፤ እያንዳንዱ እንጀራ ረጅም ጊዜ ሲወስድ ምጣዱ ወደ አየር የሚያባክነው ሙቀት ይጨምራል።

መልስ 7፦ ከአራዳ የጻፉት ባለሙያ ከዚህ በኋላ የውይይቱ ዋና መካሪ ሆኑ። ስሌት ሳይጽፉ ሁለት ጥያቄ ብቻ ጠየቁ። ብሬከሩ የሚወርደው ጠዋት ነው ወይስ ማታ? የምጣዱ ሽቦ ተቆርጦ ተቀጥሎ ያውቃል? እኔ በበኩሌ ከመልሶቹ ሁሉ ብልሁ ይህ ነው እላለሁ። ቮልቴጅ ማነሱ ጥፋተኛ ቢሆን ብሬከሩ ማታ ይወርድ ነበር። ጠዋት፣ መስመሩ ሙሉ ሲሆን የሚወርድ ከሆነ ግን የምጣዱ ረዚስታንስ አንሷል ማለት ነው።

መልስ 8፦ ከልደታ የጻፈችው ሴት ልኬቱ እንዴት እንደሚወሰድ ደረጃ በደረጃ አስቀመጠች። ረጅም ነው፣ ግን ለሚሠራ ሰው የሚጠቅመው እሱ ነው።

በመጀመሪያ ምጣዱ ከመስመር ተነቅሎ ሙሉ ለሙሉ ይቀዝቅዝ። መልቲሜትሩ 200 ኦም ላይ ይደረግ። ሁለቱ መነካኪያ ሽቦዎች እርስ በርስ ሲነካኩ የሚያሳዩት ቁጥር ይመዝገብ፤ ብዙ ጊዜ ከ0.3 እስከ 0.5 ኦም ነው። ያ የሽቦዎቹ የራሳቸው ስለሆነ ከውጤቱ ይቀነሳል። በአሥራ ምናምን ኦም ዕቃ ላይ ግማሽ ኦም ትንሽ ስህተት አይደለም። ቀጥሎ የምጣዱን ማብሪያ ከፍቶ በስፒናው ሁለት እግሮች መካከል ይለካል። ከዚያ መልቲሜትሩን ትልቁ የኦም መለኪያ ላይ አድርጎ በአንዱ እግርና በምጣዱ ብረት አካል መካከል መለካት ነው፤ እዚህ ቁጥር ከወጣ ሽቦው ወይም ሊጥ የጠጣው ጀሶ ብረቱን ነክቷል ማለት ስለሆነ ምጣዱ ከናካቴው አይሰካም።

ሁለተኛው ልኬት ምጣዱ እየሠራ ነው። ቮልቴጁ ምጣዱ ሳይበራ አንድ ጊዜ፣ ምጣዱ በርቶ አሥር ደቂቃ ከቆየ በኋላ ሌላ ጊዜ ይለካ። ለስሌት የሚያገለግለው ሁለተኛው ቁጥር ብቻ ነው። አምፔሩ በክላምፕ ሜትር (ሽቦውን በውጭ አቅፎ አምፔር በሚለካ መሣሪያ)፣ በዚያው ቅጽበት ይነበባል። ከዚያ ቮልት ለአምፔር ሲካፈል ኦም፣ ቮልት በአምፔር ሲባዛ ዋት። 220ን በልብ ይዞ ማስላት የለም፤ የተለካው ይወሰዳል።

መልስ 9፦ መልስ 2ን የጻፈው ሰው ተመልሶ ሁለት ማስጠንቀቂያ አከለ፣ አሁንም በኃይለ ቃል። ክላምፕ ሜትር ሙሉውን ገመድ ካቀፈ ዜሮ ያሳያል፣ ምክንያቱም የሚሄደውና የሚመለሰው ከረንት ይጣፋል። አንዱን ሽቦ ብቻ ማቀፍ አለበት። ይህን የሚያደርገው ገመዱ ከመስመር ተነቅሎ ከተለየ በኋላ ነው እንጂ እየሠራ ባለ ገመድ ላይ ቢላ አይወጣም። ክላምፕ የሌለው ሰው ደግሞ በመልቲሜትሩ 10 አምፔር ቀዳዳ ምጣድ ለመለካት እንዳይሞክር አለ፤ ርካሽ መልቲሜትሮች ላይ ያ ቀዳዳ ፊውዝ እንኳ የለውም። መነካኪያው እዚያው ቀዳዳ ላይ እንደተሰካ ሶኬት ውስጥ ማስገባት ደግሞ ሁለቱን መስመር በቀጥታ ማገናኘት ነው፤ እጅ ላይ ይፈነዳል።

መልስ 10፦ አንድ ተማሪ ቀዝቃዛና ትኩስ ረዚስታንስ አንድ አይደሉም ሲል ጠየቀ፤ 60 ዋት አምፖል በ220 ቮልት ሲሰላ 807 ኦም ይሆናል፣ ሲለካ ግን ጠፍቶ ሳለ ከዚያ አንድ አሥረኛ እንኳ ላይሞላ ይችላል አለ። ልክ ነው፤ የአምፖሉ ክር ተንግስተን ነው፣ በጣም ይለዋወጣል። የምጣድ ሽቦ ግን ኒክሮም (የኒኬልና የክሮሚየም ቅይጥ) ወይም የብረት፣ ክሮሚየምና አሉሚኒየም ቅይጥ ስለሆነ ሲግል የሚጨምረው በመቶ ጥቂት ብቻ ነው። በቀዝቃዛው ላይ 4 በመቶ ደምሮ ማስላት ለቤት ሥራ ይበቃል ብለው የአራዳው ባለሙያ መለሱለት፤ አያይዘውም የኦም ሕግ ከታተመበት ከ1827 ጀምሮ ሰው የሚሳሳተው በሕጉ ሳይሆን ባልተለካ ቁጥር ነው አሉ።

መልስ 11፦ ጠያቂዋ ተመለሰች፣ ሁሉንም ለክታ። ብሬከሩ የሚወርደው በአብዛኛው ጠዋት ነው። ሽቦው ሁለት ጊዜ ተቃጥሎ በሁለቱም ጊዜ የተቃጠለው ክፍል ተቆርጦ የተረፈው ተለጥጦ ተቀጥሏል። ቀዝቃዛው ረዚስታንስ የመነካኪያው ተቀንሶ 10.4 ኦም። ምጣዱ ሳይበራ 221 ቮልት፣ በርቶ 206 ቮልት፣ ከረንቱ 19.1 አምፔር።

መልስ 12፦ የአራዳው ባለሙያ ይህን ሲያዩ ነገሩ አለቀ አሉ። 206 ለ19.1 ሲካፈል 10.8 ኦም ነው፤ ከቀዝቃዛው 10.4 በ4 በመቶ ቢበልጥ ነው፣ ስለዚህ ሁለቱ ልኬቶች ይመሰካከራሉ። መሆን የነበረበት 13.8 ነበር። ከሽቦው 22 በመቶ ያህሉ ተቆርጦ ተጥሏል። አሁን ባለው 206 ቮልት እንኳ ምጣዱ 3,935 ዋት እየወሰደ ነው፤ ሙሉ 220 ቢያገኝ 20.4 አምፔርና 4,480 ዋት ገደማ ይደርስ ነበር። 19.1 አምፔር ከ16 በ19 በመቶ ይበልጣል። የብሬከሩ ውስጠኛ ቅጠል ቀስ እያለ የሚግል ስለሆነ በዚህ ያህል ብልጫ ወዲያው አይወርድም፤ ጋገራው ግማሽ ሲደርስ ይወርዳል። ብሬከሩ ሥራውን በትክክል ሠርቷል፣ እሱን መቀየር ምስክርን ማባረር ነው አሉ።

መልስ 13፦ እንዲህ የሚል ሰው አይጠፋም፤ አንዱ ተነስቶ እንዲያውም ዋቱ ቢጨምር ጋገራው ይፈጥናል፣ ለምን ይስተካከላል አለ።

መልስ 14፦ ሦስት ሰዎች በአንድ ጊዜ ተቃወሙት፣ ከሁሉ የበሰለው የልደታዋ ነው። ዋቱ የጨመረው ባጠረ ሽቦ ላይ ነው፤ 22 በመቶ ባነሰ ገላ ላይ የበለጠ ሙቀት ይወጣል ማለት ነው። ሽቦው የበለጠ ይግላል፣ ቶሎ ይዝጋል፣ ይቃጠላል፣ እንደገና ይቆረጣል፣ ሌላ ይጨምራል። በዚያ ላይ ለጥጠው ሲዘረጉት አንዱ ጋ ሰፍቶ አንዱ ጋ ስለሚጠብ፣ ጠበብ ባለበት እንጀራው ያርራል፣ ሰፋ ባለበት ሊጡ እርጥብ ይቀራል። ሸክላውም ባልተመጣጠነ ሙቀት ይሰነጠቃል። ለዚህ ሰው መልስ የሰጡት ትንሽ አፋቸውን አክርረውበት ነበር፤ የውይይቱ አስተናጋጅ ስድብ እንዳይገባ አሳሰበ።

መልስ 15፦ ከጠዳ የጻፈው ሰው ሌላ ጉድ አገኘ። 221 ወደ 206 ወርዷል፣ 15 ቮልት የት ገባ? ጠያቂዋ ምጣዱ በርቶ ሳለ የቆጣሪውን መውጫ ባለሙያ እንዲለካላት ጠይቋት ነበር፤ 213 ተገኘ። እንግዲህ 8 ቮልት የጠፋው ከቆጣሪው በፊት፣ 7 ቮልት የጠፋው ቤቱ ውስጥ ነው። 7 በ19.1 ሲባዛ 134 ዋት ገደማ ሽቦና ማገናኛ ሲያሞቅ ይውላል፣ ሒሳቡም በቆጣሪው ላይ ይመዘገባል።

ከቆጣሪው እስከ ኩሽናው 18 ሜትር ነው። መሄጃና መመለሻ 36 ሜትር። የአንድ ካሬ ሚሊ ሜትር መዳብ ረዚስታንስ በሜትር 0.0172 ኦም ስለሆነ፣ በ2.5 ካሬ 0.248 ኦም ይወጣል፤ በ19.1 አምፔር 4.7 ቮልት ነው። ከ7 ላይ 4.7 ሲቀነስ 2.3 ቮልት ይተርፋል። ይህ 2.3 ቮልት ሽቦው ላይ ሊሆን አይችልም፤ ያለው በሶኬቱና በስፒናው መገናኛ ላይ ነው። 2.3 በ19.1 ሲባዛ 44 ዋት ይሆናል፤ የስታኞ መበየጃ የሚያህል ሙቀት በአንድ የላላ የነሐስ ምላስ ላይ። የጠቆረውን እግርና የቀለጠውን ፕላስቲክ ይህ ብቻ ያስረዳል።

እዚህ ላይ እኔ የምጨምረው አለ። ብዙ ሰው የቀለጠ ሶኬት ሲያይ በሌላ ሶኬት ይተካና ያልፋል። አዲሱ ሶኬት የሚገባው እዚያው የጠቆረ የስፒና እግር ከሆነ ግን ያንኑ መጥፎ መገናኛ ይወርሳል። ከተቀየሩ ሁለቱም አብረው ይቀየራሉ፤ ከሁሉ የሚሻለው ደግሞ ምጣድን ከስፒና ማውጣት ነው።

መልስ 16፦ ውይይቱ ትንሽ ከጉዳዩ ወጣ። አንዱ በስቶቭ ላይ ቡና ለማፍላት ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ በዚሁ ቀመር መታወቅ ይችል እንደሆነ ጠየቀ። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። አንድ ሊትር ከ20 ወደ 93 ለማድረስ 306 ኪሎ ጁል ያስፈልጋል፤ በ1,000 ዋት ከአምስት ደቂቃ ትንሽ ያልፋል፣ በ180 ቮልት ግን ያው ስቶቭ 670 ዋት ስለሚሆን ሰባት ደቂቃ ተኩል ይወስዳል። ጀበናውና አየሩ የሚወስዱት ሙቀት በዚህ ውስጥ አልተቆጠረም።

መልስ 17፦ የአራዳው ባለሙያ ወደ ጉዳዩ መለሱት። አዲስ ሽቦ ሲገዛ በሻጩ ግምት ሳይሆን በኦም ይገዛ። ለ3,500 ዋት ቀዝቃዛው 13.3 ኦም መሆን አለበት። ኒክሮም ከሆነ 0.8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው በሜትር 2.17 ኦም ገደማ ስለሆነ 6.1 ሜትር ይበቃል፤ 1.2 ሚሊ ሜትር የሆነው በሜትር 0.96 ኦም ስለሆነ 13.8 ሜትር ይፈልጋል። በኦም ሁለቱ እኩል ናቸው፣ ዋታቸውም እኩል ነው። ነገር ግን የቀጭኑ ገላ 154 ካሬ ሴንቲ ሜትር ብቻ ሲሆን የወፍራሙ 520 ነው። ያንኑ 3,500 ዋት ቀጭኑ ከሦስት እጥፍ በላይ በጠበበ ገላ ስለሚያወጣ በጣም ይግላል፣ ዕድሜውም አጭር ነው። ርካሹ ሽቦ የሚያስከፍለው በኋላ ነው፤ ወፍራሙ ይገዛ። ከመገጠሙ በፊት ሻጩ ፊት መልቲሜትር አድርጎ መለካት ነውር የለውም አሉ።

መልስ 18፦ አገጣጠሙን የልደታዋ ጻፈችው። ጥቅሉ የሚለጠጠው ከሸክላው ቦይ ርዝመት ጋር በክር ተለክቶ ነው፤ ሁለቱን ጫፍ ይዞ በአንድ ጊዜ እኩል መሳብ እንጂ በየቦታው መጎተት አይሆንም። ሸክላው ውስጥ ምንም ቅጥያ አይኑር። በፒንሳ ተጠማዝዞ የተቀጠለ ሽቦ መገናኛው ላይ የራሱ ረዚስታንስ ስላለው እዚያው ይግልና እዚያው ይበጠሳል። ሽቦው ከቦዩ ሲወጣ በቡሎን፣ በሁለት ሮንዴላና በዳዶ ይጠበቅ፤ ከመገናኛው በኋላ የሚመጣው ገመድ ሙቀት የሚችል ይሁን፣ ተራ ፕላስቲክ ገመድና ናስትሮ እዚያ አጠገብ አይቀርቡም። ሞርሴቶው (ሽቦዎቹ በብሎን የሚገናኙበት) የፕላስቲክ ሳይሆን የሸክላ ይሁን። የተሰነጠቀ ሸክላ ላይ አዲስ ሽቦ መግጠም ገንዘብ መጣል ነው፤ ሊጡና የማሰሻው ዘይት በስንጥቁ ወርዶ ሽቦውን ያገኘዋል። የብረቱ አካል ከግራውንድ ጋር መያያዝ አለበት፤ ይህ ለድርድር አይቀርብም።

መልስ 19፦ መልስ 3ን የጻፈው ጠጋኝ ስለ ስታቢላይዘር አነሳ፣ በዚህ ደግሞ ሙሉ ለሙሉ ልክ ነበር። ስታቢላይዘር 180 ተቀብሎ 220 የሚያወጣ ከሆነ ለምጣዱ 15.9 አምፔር ሲሰጥ ከመስመሩ ቢያንስ 19.4 ይስባል። ጠያቂዋ መጀመሪያ ያሰላችው ቁጥር እዚህ ላይ እውነት ይሆናል፣ ምክንያቱም አሁን የማይለወጠው ዋቱ ነው። ስለዚህ ምጣድን በስታቢላይዘር የሚያሠራ ሰው ሽቦውንና ብሬከሩን በመግቢያው ከረንት ያስላ። ለፍሪጅና ለቴሌቪዥን ስታቢላይዘር ጥሩ ነው፣ ለምጣድ ግን ሰፈሩ ሁሉ ቢያደርገው መስመሩን የባሰ ያወርደዋል አለ።

መልስ 20፦ ከዚህ ተነስቶ አንዱ ከጎንደር በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ገዳሪፍ የተዘረጋው መስመር ለምን 230 ኪሎ ቮልት እንደሆነ ጠየቀ። የጠዳው ሰው በሁለት መስመር መለሰ፦ ብክነቱ ከከረንቱ ካሬ ጋር ስለሚያድግ፣ ያንኑ ኃይል በዚያው ሽቦ በ33 ኪሎ ቮልት ብንልክ ከረንቱ ሰባት እጥፍ፣ ብክነቱ 49 እጥፍ ገደማ ይሆናል። የኩሽናው 134 ዋት የሚመጣውም ከዚሁ ሕግ ነው።

መልስ 21፦ ክላምፕ ሜትር ለሌላቸው የማራኪው ሰው መንገድ አሳየ። ቆጣሪው ፊት ላይ ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ስንት ጊዜ እንደሚበራ ተጽፏል፤ አንዳንዱ 1,000፣ አንዳንዱ 1,600 ነው። ቤት ውስጥ ያለው ሌላ ዕቃ ሁሉ ጠፍቶ ምጣዱ ብቻ ይብራ። የቀዩ መብራት 20 ብልጭታ ስንት ሰከንድ እንደወሰደ ይያዝ። 3,600,000 በ20 ተባዝቶ፣ ለቆጣሪው ቁጥርና ለሰከንዱ ብዜት ሲካፈል ዋቱ ይወጣል። የመጀመሪያው ብልጭታ ላይ ከዜሮ መጀመር ያስፈልጋል፤ ከአንድ የጀመረ 5 በመቶ ይሳሳታል።

መልስ 22፦ ጠያቂዋ ሥራው ካለቀ በኋላ ያገኘችውን ጻፈች። 1.2 ሚሊ ሜትር ሽቦ፣ ከቆጣሪው ለምጣዱ ብቻ የተሳበ 4 ካሬ መስመር፣ 20 አምፔር ብሬከር፣ ስፒና የለም፤ ገመዱ በቀጥታ ከግድግዳ ማብሪያው ጋር ታስሯል። ሳይበራ 220 ቮልት፣ በርቶ 211፣ ከረንቱ 15.3 አምፔር። ረዚስታንሱ 13.8 ኦም፣ ኃይሉ 3,228 ዋት። የቆጣሪው ቁጥር 1,600 ሲሆን 20 ብልጭታ 13.8 ሰከንድ ወሰደ፣ 3,261 ዋት መሆኑ ነው። የ33 ዋቱ ልዩነት ከየት መጣ ብላ ጠየቀች። የአራዳው ባለሙያ ስህተት እንዳልሆነ ነገሯት፦ የ18 ሜትሩ 4 ካሬ ሽቦ 0.155 ኦም ስላለው በ15.3 አምፔር 36 ዋት ራሱ ይወስዳል፤ ቆጣሪው እሱንም ይቆጥራል። በእጅ ሰዓት የተያዘ ልኬት ይህን ያህል መቅረቡ በጣም ደስ ያሰኛል።

ሞርሴቶዎቹና የብሬከሩ ብሎኖች ከጥቂት ሳምንት ጋገራ በኋላ፣ ዋናው ጠፍቶ፣ በካቻቢቴ እንደገና ይጠበቁ ሲሉም አከሉ። መዳብ እየጋለና እየቀዘቀዘ ሲሄድ ብሎኑ ሥር ይላላል።

መልስ 23፦ አንድ አዲስ ሰው ገብቶ ለሠርግ ሁለት ምጣድ በአንድ ቤት ባንድ ጊዜ መጣድ ይቻል እንደሆነ ጠየቀ። ሁለት ምጣድ በ220 ቮልት 31.8 አምፔር ነው፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሆኑ ረዚስታንሳቸው 6.9 ኦም ይሆናል። እያንዳንዱ የራሱ መስመርና የራሱ 20 አምፔር ብሬከር ኖሮት፣ ዋናው ብሬከርና ከምሰሶ የሚመጣው ሽቦ ይህን የሚችሉ መሆኑ ካልተረጋገጠ አይሞከርም ተባለ። ሰፈሩ እንደ ጠያቂዋ በ19.1 አምፔር ከቆጣሪ በፊት 8 ቮልት የሚጥል ከሆነ ደግሞ ሁለተኛው ምጣድ ሲጨመር ወደ 13 ቮልት ይጠጋል፣ ሁለቱም ይደክማሉ። አንዱን ጎረቤት ቤት፣ ከሌላ ቆጣሪ ላይ መጣድ ይሻላል፤ ከተቻለም በሌላ ፌዝ (ከምሰሶው ከሚመጡት የኃይል ሽቦዎች በሌላው) ላይ ካለ ቤት።